ጌታ ተናገረኝ ብዬ የመረጥኩት ኮሌጅ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። የሞተ ሰው የለበትም። የተሰረቀ ዕቃ የለበትም። አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ኮሌጅ መረጠች፤ ነገሩ ይኸው ነው። በየዓመቱ ስንት ልጅ ኮሌጅ ይመርጣል፤ ማን ቁጭ ብሎ ኑዛዜ ይጽፋል? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ያጠፋሁት በዚህ ምክንያት ነው። ግን ያን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአንድም ሰው ተናግሬው የማላውቀው ለምንድን ነው? የሚያውቁት እንኳ የሚያውቁት ቁራጭ ቁራጩን ነው።

ባለፈው እሑድ ጋሼ መስፍን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ዘንድሮ ሃይስኩል የሚጨርሱትን ልጆች ፊት አቁመው ሲመክሩ «እንደ ማሂ ጸልዩ፤ እንደ ማሂ ስሙ» አሉ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ማሂ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላው ቢቀር ለእነሱ ስል ልጽፈው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው፤ እየጻፍኩ ስሄድ ማምለጫ እንዳልፈልግ። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ በምስክርነት ሰዓት ማይክ ይዤ ጉባኤው ፊት ቆምኩና «ጌታ ተናገረኝ» አልኩ። አልተናገረኝም ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ።

ሐኪም መሆን የምፈልገው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ያኔ እዚህ በምንኖርባት ኮሎምበስ ከተማ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የበሬ ዓይን በመቀስ እንድንከፍት ተሰጠን። አብራኝ የተመደበችው ሶስና ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎኔ የተቀመጠች ልጅ። እኔን ሽታው አስጮኸኝ። ሶስና መቀሱን ከእጄ ወሰደችና «በቃ እኔ እቆርጣለሁ፣ አንቺ ጩኺ፤ ሥራ ተካፈልን» አለችኝ። ከውስጡ እንደ ብርጭቆ የጠራች አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ወጣች፣ የዓይኑ ሌንስ። መምህሩ ጋዜጣ ላይ እንድናስቀምጣት ነገረን። ስናስቀምጣት ከሥሯ ያሉት ፊደሎች ተለቁ! የሞተ ዓይን፣ ግን አሁንም ያሳያል! እኔ እንደገና ጮህኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ከደስታ ነበር። ሶስናም ጮኸች። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችንም ሐኪም እንደምንሆን ተነጋገርን፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ሥራ አስበን አናውቅም።

የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ ሕይወታችን በሙሉ ማመልከቻ ሆነ። ለሐኪምነት የሚያዘጋጀውን የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት፣ ሁሉም ፕሪሜድ የሚለውን፣ የት እንደምንማር መምረጥ ነበረብን። አንዳንድ ኮሌጅ ትንሽ ነው፤ መምህሩ ስምህን ያውቃል። አንዳንዱ ትልቅ ነው፤ ሆስፒታሉ ከመማሪያ ክፍሉ አጠገብ ነው። አንዱ ጥሩ አማካሪዎች አሉት፣ ሌላው ጥሩ ላቦራቶሪ። ሶስና ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፖቻችንን ዘርግተን ይህን ከዚያ ስናወዳድር እንውል ነበር። ያን ጊዜ ሳስታውሰው አሁንም ልቤ ይዘላል። ኢሜይል በመጣ ቁጥር እንጮኻለን። የሶስና እናት እትዬ ዘነበች ከማዕድ ቤት «ምን ሆናችሁ? ተቀበሏችሁ ወይስ አይጥ ገባ?» ይላሉ።

ፌብሩዋሪ ላይ ሁለታችንም ሁለት ቦታ ተቀበሉን። አንደኛው እዚሁ ከተማችን ያለው ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ወደ ሰሜን በሃይዌይ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሶስና ግን ከዚህኛው ሌላም ነገር አገኘች። ኮሌጁ ከአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ስምምነት ነበረው፤ በየዓመቱ ለጥቂት አዲስ ገቢዎች ወንበር ያስይዝላቸዋል። አራቱን ዓመት በደህና ውጤት ከጨረሰች፣ ሌላው ፕሪሜድ የሚጨነቅበትን ውድድር ሳትገባ ቀጥታ የሕክምና ተማሪ ትሆናለች። ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ የተያዘ ወንበር!

ለዚያ ወንበር እኔም አመልክቼ ነበር። በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርገውልኛል። ለእኔ አልሰጡኝም። «እንኳን ደስ አለሽ!» ብዬ ሶስናን አቅፌ ዘለልኩ፤ ደስታዬ ውሸት አልነበረም። ሙሉም ግን አልነበረም።

ያስቸገሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሶስና ሌላ ማንም የላቸውም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ መኪና ይነዳሉ፤ ሃይዌይ ግን አይወጡም። ኮሎምበስን ከዳር እስከ ዳር በውስጥ መንገድ ይዞራሉ እንጂ የሃይዌይ መግቢያ ሲያዩ እጃቸው መሪው ላይ ይደርቃል።

«ብትታመም ማን ይደርስላታል? እኔ ሃይዌይ አልነዳም» አሉ።

«እማ፣ ኡበር አለ እኮ» አለች ሶስና።

«ኡበሩ እናቷ ነው?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሂዬ፣ አንቺስ? አንቺ ከሄድሽ እኔ አልፈራም። አባትሽ ይነዳል፣ አንቺም ትነጃለሽ።» አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ስለሚሠራ ሃይዌይን እንደ ሰፈር መንገድ ነው የሚያየው። እውነታቸውን ነው።

«እሄዳለሁ እትዬ። አብረን ነን» አልኩ።

ወዲያው ነው ያልኩት። ሳላስብ። ከማንኛውም ትምህርት በላይ የምችለው ነገር ፊቴ ያለውን ሰው ደስ የሚያሰኘውን ቃል ቶሎ ማግኘት ነው። እትዬ ዘነበች ግንባሬን ሳሙኝ። ሶስና ከኋላቸው ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ያለ ድምፅ ጨፈረች።

ከዚያ ማርች ላይ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ለጉብኝት ጠራ። እኔ የሄድኩት ለይሉኝታ ነበር፤ ቅጹን ሞልቼ ስለነበር ነው። ያንን ግቢ ዕድሜዬን ሙሉ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ምን አዲስ ነገር አለው? አስጎብኚዋ ልጅ ግን አንድ ክፍል አስገባችን። አልጋው ላይ ሰው የሚያህል፣ የሚተነፍስ አሻንጉሊት ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ነርሶችና ሐኪሞች የሚለማመዱበት ነው። «ነይ ያዢው» አለችኝ፤ ጣቴን አንጓው ላይ አሳረፍኩ። ይመታል! ላስቲክ ነው፣ ግን ይመታል! አስጎብኚዋ አንድ ቁልፍ ስትነካ ምቱ ፈጠነ፤ የእኔም አብሮ ፈጠነ። በመስኮቱ በኩል ሆስፒታሉ ይታያል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ላቦራቶሪ ውስጥ ማገዝ ይችላል አሉን። ስወጣ ከግቢው ፊት ያለውን መንገድ፣ ሃይ ስትሪትን፣ በሩጫ ነው የተሻገርኩት። አውቶቡስ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ። የእኔ ቦታ ይህ ነው፣ ይህ ነው፣ ይህ ነው እያልኩ።

እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለም። አንድን ቦታ መውደድ ጥፋት ነው?

ግን የወደድኩት ለአሻንጉሊቱ ብቻ ነው ብል እንደገና መዋሸቴ ነው። ወደ ሰሜን ብንሄድ ሶስና ወንበር የተያዘላት ልጅ ትሆናለች። እኔ ደግሞ እናቷ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው አብራ የሄደች ልጅ። ይህን አውቅ ነበር። አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ ስሄድ ይህንንም አስቤዋለሁ።

ታዲያ «እትዬ፣ ቃሌን ልለውጥ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ሳምንት አፌ ላይ ተሸክሜው ዞርኩ። ልናገር ስል ግንባሬን የሳሙበት ቦታ ትዝ ይለኛል፤ ቀጥሎ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን ይታየኛል፤ እመለሳለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ለምን ተብሎ የማይጠየቅ ቃል አለ። «አልፈልግም» ብትል ለምን ይሉሃል። «አባቴ ከለከለኝ» ብትል አባትህን ያነጋግሩታል። «ጌታ ተናገረኝ» ስትል ግን አሜን ይላሉ። በእውነት የሚሉት ብዙ ሰዎች አሉ፤ በእነሱ አልቀልድም። እኔ ግን ቃሉ በር እንደሚዘጋ ከልጅነቴ አውቅ ነበር፤ የፈለግኩትም በሩ እንዲዘጋ ነበር።

ኤፕሪል ላይ ለሚመረቁ ልጆች የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይያዛል፤ በማግሥቱ እሑድ የወሰነ ልጅ ወጥቶ ይመሰክራል። ምስክርነቴን እንዴት እንዳዘጋጀሁት ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የማፍርበት ይህ ነው። የኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰቴን በጻፍኩበት መንገድ ጻፍኩት። የእንግሊዝኛ መምህሬ ያስተማረችን ነበር፦ በአንድ ትንሽ ቅጽበት ጀምሩ፤ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር አስገቡ፤ አንባቢው የሚያምነው በዝርዝሩ ነው። እኔም በጾሙ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ብዬ ጀመርኩ። እጸልይ ነበር፣ ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ እየፈላ ይጮህ ነበር፣ ላጠፋው ስነሣ በድንገት ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ «በዚህች ከተማ ሥራ አለኝ፤ አትሂጂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። አራት ጊዜ አረምኩት። የእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አይጮህም።

እሑድ ጋሼ መስፍን ማይኩን ሰጡኝ። ተናገርኩ። ማንቆርቆሪያው ጸጥ ያለበት ቦታ ስደርስ እኔም ጸጥ አልኩ፤ እዚያ ላይ ማረፍ እንዳለብኝ ወረቀቴ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። አንዲት እናት ከፊት «ሃሌሉያ!» አሉ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁሉም። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰውነቴ በሙሉ ሞቀ። ለጥቂት ደቂቃ እውነት መሰለኝ። ራሴን አሳምኜ ነበር ብል ጥፋቴ ይቀላል? አይቀልም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እያለቀሱ ነበር።

«ለልጄም ነው! ጌታ ሆይ፣ ምልክት ስለምንህ ነበር፤ ለልጄም ነው የተናገርከው!»

እዚያ ላይ ማይኩ ገና እጄ ላይ ነበር። እኔ የዘጋሁት የራሴን በር መስሎኝ ነበር። «አይ እትዬ፣ የተነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው» ለማለት እንኳ ጊዜ ነበረኝ፤ እሱም ውሸት ነው፣ ግን ሶስናን ያድናት ነበር። አላልኩም። ማይኩን ለጋሼ መስፍን መለስኩና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከአምልኮው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ሶስና እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ማሂ፣ ሪሊ? ሰማሽ? ማለቴ... እንደ ሰው ድምፅ?»

«አዎ» አልኳት።

«እሺ።» እጅጌዬን ለቀቀች። «እኔ እኮ ምንም ሰምቼ አላውቅም። ስጸልይ ስለ ኬሚስትሪ ነው የማስበው። ጌታም ሳይሰለቸው አይቀርም።»

ሳቅን። ያ «አዎ» ከማይኩ ይበልጥ ይከብደኛል። ማይክ ላይ የዋሸሁት ለጉባኤ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን አንዲት ልጅ ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፤ ወደ እውነቱ የምመለስበትን መንገድ ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ፤ እኔ በዚያ ዓይን ፊት ዋሸሁ።

መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ሶስና የኮሌጁን ገጽ ከፈተች። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እቀበላለሁ፣ አንዱ አልቀበልም ይላል። ጣቷ ብዙ ቆየ።

«እማዬ በየቀኑ ታመሰግናለች» አለች። «አልቀበልም የሚለውን ልጫነው?»

«ጌታ ያውቃል» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። እጇን መያዝ ስችል፣ ያውቃል አልኩ። ተጫነችው። ገጹ አመሰገናትና መልካም ዕድል ተመኘላት። ሶስና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ከዚያ በግድ ፈገግ ብላ «በቃ፣ ሩምሜት ነን» አለችኝ። እኔ ጮህኩ። የላይብረሪዋ ሠራተኛ ዝም በሉ አለችን።

ኦገስት ላይ ዶርም ገባን። ደስታዬን እንዴት ልግለጸው? የክፍላችን መስኮት ወደ ሆስፒታሉ ያያል። የኬሚስትሪ አዳራሹ ስቴዲየም ያህላል። የመጀመሪያውን ነጭ ጋወን ስለብስ መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ ሶስና «ሐኪም ሳትሆኚ ሞዴል ሆንሽ» ብላ ፎቶ አነሣችኝ። በየጠዋቱ እየሮጥኩ ነው ክፍል የምገባው። የዋሸሁለትን ነገር አገኘሁ፤ እንዳሰብኩትም ጥሩ ነበር። መራራ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በሴፕቴምበር የፕሪሜድ አማካሪያችን ለሁለታችን አብረን ቀጠሮ ሰጠችን። ውጤት እንዴት እንደሚታይ፣ መግቢያ ፈተናው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ በመንገድ ሌላ ሙያ እንደሚመርጡ ነገረችን። ከዚያ የሶስናን ፋይል ስታነብ ቅንድቧ ተነሣ።

«ያንን ወንበር ትተሽ ነው እዚህ የመጣሽው?»

«የእምነት ጉዳይ ነው» አለች ሶስና። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች፤ በኩራት። እኔ የምንጣፉን ክር ቆጠርኩ።

ሶስና ፈተና የምትፈራ ልጅ አልነበረችም። ኦክቶበር ላይ ግን መፍራት ጀመረች። የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ውጤት ሲመጣ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ያጎደለቻትን ጥያቄ ደጋግማ ታይ ነበር። «እዚያ ብሆን ይቺ አንድ ጥያቄ ይህን ያህል አታስፈራኝም ነበር» አለች። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ግን ጌታ ያውቃል፣ አይደል?»

የራሴን ቃል በአፏ ሰማሁት። በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት የዶርሙ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነገርኳት።

«ሶሲ፣ ድምፅ አልነበረም።»

«ማሽኑ ቆመ እንዴ?»

«ኤፕሪል ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን። ጌታ አልተናገረኝም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ፎጣ እያጠፈች ነበር። «ዌይት» አለች። «ማንቆርቆሪያውስ?»

«ማንቆርቆሪያም የለም።»

ፎጣውን አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው፤ ከዚያ በላይ መታጠፍ እስከማይችል ድረስ አጠፈችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«አልሄድም ብትዪኝ ኖሮ እኮ እማዬን አሳምናት ነበር» አለች። «ጊዜ ነበረኝ። ሃይዌይ እንኳ አለማምዳት ነበር። አንቺ ግን እግዚአብሔርን አመጣሽብኝ። ከእሱ ጋር እንዴት ልከራከር?»

ለእናቷም ራሴ እንደምነግራቸው ነገርኳት። 

የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ይዘን እትዬ ዘነበች ቤት ሄድን። ሶስና ከእኔ ርቃ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለእትዬ ዘነበችም ነገርኳቸው። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።  ከዚያ እጄን ያዙ።

«አታልቅሺ፣ የኔ ልጅ። ጌታ እኮ በውሸትም ይሠራል። ልጄን እዚሁ ሊያስቀርልኝ ፈልጎ በአፍሽ ተጠቀመ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

እንዴት ያለ እፎይታ እንደተሰማኝ! ከትከሻዬ ላይ ተራራ የወረደ መሰለኝ። ለካ ጥፋቴም የእሱ ዕቅድ ነበር! አሜን ልል አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፈትኩ።

«እማ፣ ስቶፕ» አለች ሶስና።  «እንደገና እሱን አታስገቢው። ማሂ፣ ያለ እሱ ተናገሪው። ማን ምን እንዳደረገ ብቻ።»

እንደገና ጀመርኩ። እኔ ቃሌን መለወጥ ፈለግኩ። እኔ መናገር ፈራሁ። እኔ በሶስና ወንበር ቀናሁ። እኔ ድምፁን ፈጠርኩ። ሶስና ስትጠይቀኝ እኔ ሁለተኛ ዋሸሁ። ቁልፉን ስትጫን ጎኗ ተቀምጬ ያየሁት እኔ ነኝ። ወንበሯን ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

እትዬ ዘነበች እጄን ለቀቁት። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔም እኮ ምልክት የለመንኩት ሃይዌዩን ፈርቼ ነው» አሉ። ሶስና አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በሚቀጥለው ቀን ከአምልኮ በፊት ጋሼ መስፍንን አገኘኋቸውና ማይኩን አንድ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ሁሉንም አልነገርኳቸውም፤ ምስክርነቴ እውነት እንዳልነበረ ብቻ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ በእናንተ መካከል ካለቀ አለቀ። ብዙ ሰው በዚያ ምስክርነት ተጽናንቷል፤ ሕዝቡን ለምን እናውካለን?» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ መቼ ነው እሺ የማልለው? ያም እሺ ከጥፋቶቼ አንዱ ነው፤ ጋሼ እያወቁም ቢሆን፣ ዘንድሮ ለልጆቹ ምሳሌ የሆንኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ሶስና ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፈች። የተያዘላት ወንበር አሁንም ክፍት ከሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር መምጣት እንደምትፈልግ ገለጸች። እኔም የራሴን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያታለልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ በእሷ በኩል መወላወል እንዳልነበረ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ አላሳመርኩትም። ሁለቱን አብራ ላከቻቸው።

ከዚያ የነበሩት ሳምንታት! ተስፋ እንዲህ ያንቀጠቅጣል እንዴ? ሶስና እንደ ድሮው ሆነች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትዘላለች፤ እኔም እዘላለሁ። እትዬ ዘነበች በአባቴ መኪና፣ አባቴ ጎናቸው ተቀምጦ፣ ሃይዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ፤ አንድ መውጫ ያህል ነድተው ወረዱና ለሶስና ደወሉላት። «ወጣሁ! ተመለስኩ! አልሞትኩም!» ሲሉ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ሶስና አልጋዋ ላይ ቆማ ዘለለች። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጸለይኩ፤ በእውነት ጸለይኩ፤ ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ሰማሁ ብዬም ለማንም አልተናገርኩም።

መልሱ ሲመጣ የፊዚክስ ክፍል በር ላይ ነበርን። ሶስና ቆማ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ትሕትና የሞላበት ደብዳቤ ነበር። ወንበሩ ያኔ ሜይ ላይ ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል፤ ያ ተማሪ አሁን እዚያ እየተማረ ነው። ሶስና ዲግሪዋን ስትጨርስ እንደማንኛውም አመልካች ብትወዳደር ደስ ይላቸዋል። ይኸው ነው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ከዚያ በፊትም ብያት ነበር፤ ግን እዚያ ጋ ነው ምን እንደምጠይቅ የገባኝ።

«ገና ነው» አለች። ስልኳን ተቀበለችኝና ክፍል ገባች።

አሁንም አንድ ክፍል ውስጥ እንኖራለን። ማስታወሻዋን ታውሰኛለች፤ ስትስቅ እሰማለሁ። ገና ነው ያለችው ግን ገና ነው፤ አላቻኩላትም። እኔ ደግሞ ላቦራቶሪ ስገባ አሁንም ልቤ ይዘላል። ይህን የምጽፈው ልታዝኑልኝ አይደለም፤ ወጣት ነበረች፣ ፈርታ ነበር፣ መጨረሻው ለበጎ ነው እንድትሉም አይደለም። ለበጎ ነው የምትለዋ ሶስና ብቻ ናት፤ እሷም አላለችም።

ዘንድሮ ለምትመረቁት ልጆች፦ የሰማችሁት እኔ ሰማሁ ያልኩትን ነው። እኔ አልሰማሁም። አንድ ግቢ ወድጄ፣ አልሄድም ማለት ፈርቼ፣ የጌታን ስም ከፊቴ አቁሜ ከኋላው ተደበቅሁ። እትዬ ዘነበችን፣ ጉባኤውን፣ ከሁሉ በላይ ሶስናን በድያለሁ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወንበሩ የሌላ ሰው መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰን ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው።